ከዘንግ ስለ ወረደው ጣሳና ቅጠል ስላወጡት ታፔላዎች

ለክቡር ግራዝማች አዝመራው
የሰኞ ገበያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሹም
ሰኞ ገበያ

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

አመልካች፦ ደርበው ምህረቴ

ጉዳዩ፦ ከተማዋን የሸፈኑት ታፔላዎች እንዲቀነሱና ያለ ጥፋቱ የተያዘው የአክስቴ ጣሳ እንዲለቀቅ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከባድ ወሬ ይዤ ደጅዎ ቆሜአለሁና ከመስማትዎ በፊት ይቀመጡ ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ። ከተማችን ሰኞ ገበያ ጠፍታለች። ጎርፍ አልወሰዳትም፣ እሳት አልበላትም፣ ሽፍታም አልዘረፋትም፤ ሕዝቡም በሙሉ ጤና አለ። ነገር ግን ከአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ የሚያልፍ መንገደኛ ፈልጎ አያገኛትም። ያለችው ከታፔላ በስተኋላ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ፣ በመኪናው መንገድ ዳር ጠላ የምትሸጠው የወይዘሮ ይታይሽ የወንድም ልጅ ነኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬ ከመምህራኑ ጋር በስምምነት ተለያይቻለሁ፤ በተለይ እነርሱ በጣም ተስማምተው ነበር። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ የጎደለ ፊደል ቢያገኙ ከጽሕፈት ቤትዎ ታፔላዎች ላይ አንዱን ነቅለው ይሙሉበት፤ እዚያ የተረፈ ብዙ አለ።

፩. ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከደብረ ማርቆስ ሲመጡ የመኪናቸው ጎማ ተንፍሶ እኛ ዘንድ ቆሙ። ጎማው እስኪሠራ ዝናቡን ሽሽት ከአንድ ቤት ጣራ ክፈፍ ሥር ተጠግተው፣ «ይህ ደግሞ ማን የሚባል አገር ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሰሙት የማዘጋጃ ቤቱ ዋና ጸሐፊ አቶ ውቤ ነበሩ። ያን ለት እህል አልቀመሱም ይባላል። በማግሥቱ ሳንቃ፣ ቀለምና ምስማር አስመጡ፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው አላረፈም።

መጀመሪያ ከላይኛው ጫፍ «እንኳን ወደ ሰኞ ገበያ በደኅና መጡ» የሚል አቆሙ። ከታችኛው ጫፍ ደግሞ «በደኅና ይግቡ» የሚል። ክቡርነትዎ የከተማዋን ርዝመት ያውቁታል። ረዘም ያለች በቅሎ የተቀመጠ ሰው እርሱ ራሱ እየተሸኘ የበቅሎዋ ጭራ ገና አቀባበል ላይ ነው። ነገሩ በዚህ ቢቆም ባልከፋ። ከእንኳን ደኅና መጡ አጠገብ «ንጽሕና ይጠበቅ»፣ ከእርሱ አጠገብ «ወደ ማዘጋጃ ቤት»፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ «ማዘጋጃ ቤት»፣ ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ «ማዘጋጃ ቤቱ ከወዲያ ነው» ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱ በከተማዋ ውስጥ ብቸኛው ሰማያዊ ቤት ስለ ሆነ፣ ከዚህ በፊት ጠፍቶበት የመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚፈልገው ከዚያ የሚያመልጥበትን መንገድ ነው።

ከገበያው ራስ ያለውን ሜዳ ያስታውሱ። እዚያ ሜዳ ላይ ማንም ሽንቱን ሸንቶ አያውቅም፤ ገላጣ ነውና ሰው ያፍራል። አቶ ውቤ ሰፊ ሳንቃ አምጥተው «በዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብለው አቆሙበት። ሕዝቡም ማዘጋጃ ቤቱ መከለያ አበጀልን ብሎ አመሰገነ። አሁን ሰኞ ሰኞ ተራ ይያዛል።

«ፈረስ ማሰር ክልክል ነው» የሚለው የቆመበትን ያህል ደግሞ ፈረስ ለማሰር የተመቸ እንጨት በወረዳው ውስጥ የለም። ከገጠር የሚወርደው ገበያተኛ አብዛኛው ፊደል አይለይም፤ ለሚለየውም ቢሆን አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ጠንካራ ቋሚ ያያል፣ ልጓሙን ይጠመጥማል፣ ወደ ገበያው ይገባል። ዘበኛው አድማሴ መጥቶ ይጮህበታል። አድማሴ ራሱ ማንበብ ስለማይችል የትኛው ታፔላ ምን እንደሚከለክል እየጠፋው በየቀኑ እኔን ይጠይቃል። አንድ ቀን «አንተ ደርበው፣ ይኸኛው ምን ይላል?» ቢለኝ፣ «አድማሴ የሚባል ዘበኛ ከዚህ እንዳይነቃነቅ ይላል» አልኩት። እስከ ቀትር ድረስ ሳይነቃነቅ ቆመ። ታዛዥ ሰው ነው፤ ደመወዙ ይጨመርለት።

፪. አሁን ስለ ቋሚዎቹ። አቶ ውቤ የከተማ ሰው ናቸውና አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን በዚህ አገር የተወለደ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም። ለቋሚ ያስቆረጡት የኮርች እንጨት ነው። ኮርች ማለት ገበሬው ለአጥር የሚተክለው፣ ቆርጠው መሬት ላይ ቢሰኩት መልሶ የሚበቅል እንጨት ነው። ያውም በሐምሌ፣ ያውም እርጥቡን ተከሉት። እንጨት ተካዮቹ ሲስቁ አይቼ «ለምን አትነግሯቸውም?» ብላቸው፣ አያ ደሴ የሚባለው፣ «እኛ ጉድጓድ ቆፍሩ ተባልን እንጂ ምክር ስጡ አልተባልንም» አለኝ።

በመስከረም ታፔላዎቹ ሁሉ ቅጠል አወጡ። በጥቅምት ቅርንጫፍ ሆኑ። ዛሬ «ንጽሕና ይጠበቅ» የሚለው ከነሙሉ ክብሩ ጥላ ሆኖ ሥሩ ሽንኩርት ይሸጥበታል። «ክልክል» የሚለውን ቃል የፈለገ ሰው ቅጠል ገልጦ ነው የሚያየው። የአያ ደሴ ፍየል በየጠዋቱ በሁለት እግሯ ቆማ ቅጠሉን ስለምትበላ፣ በከተማችን ውስጥ ደንቡ እንዲነበብ የምትደክም እርሷ ብቻ ናት። አቶ ውቤ ግን ቅጠሉ የሸፈነውን ከማስቆረጥ ይልቅ ከፊቱ ሌላ ታፔላ ተከሉ። እርሱም ከኮርች ነው።

፫. ቀልድ ያልሆነውን እዚህ ላይ ልናገር። ከድልድዩ በላይ መንገዱ በሚጠመዘዝበት ላይ «ሾፌር ሆይ ቀስ በል» የሚል አሮጌ ታፔላ ነበር። መንገድ ሠራተኞች ያቆሙት ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ከሩቅ ይታይ ነበር። ዛሬ ከፊቱ «እንኳን በደኅና መጡ» ተገትሮበታል። ባለፈው ወር አንድ የጭነት መኪና ጠመዝማዛውን እንደ ጉድ ወርዶ፣ እንስራ ይዛ የምትሻገረውን የጎረቤታችንን የስሜነሽን ነጠላ ጫፍ ይዞት አለፈ። ሰውነቷ ተረፈ፤ እንስራው አልተረፈም። ሾፌሩ ወርዶ ሲለፈልፍ ሰምቼዋለሁ፦ «አንዱን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። እዚህ አገር ልንዳ ወይስ ልማር?» ስሜነሽም፣ «ተምረህ ና» ብላው ስባሪዋን ለቀመች።

፬. ወደ ዋናው በደል ልምጣ። በጥቅምት አጋማሽ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ፈቃድ የተሰቀለ ምልክት ሁሉ እንዲነሣ ትእዛዝ አወጣ። እኔም ስሰማ በልቤ እሰይ አልኩ፤ ከተማችን ልትገለጥ ነው። ትእዛዙ የወጣ ለት አድማሴ መሰላል ይዞ ከታች እስከ ላይ ዞረ። በመጨረሻ ከከተማዋ ውስጥ የተነሣው ምልክት አንድ ብቻ ሆነ፤ የአክስቴ ጣሳ።

ክቡርነትዎ ጠላ ቤት ገብተው አያውቁ ይሆናልና የጣሳውን ነገር ላስረዳ። አክስቴ ደጇ ላይ ረጅም ዘንግ ተክላለች። ጠላው ሲደርስ ጣሳውን ዘንጉ ጫፍ ላይ ትደፋዋለች። ጠላው ሲያልቅ ታወርደዋለች። በቃ። ከአዘና የመጣውም፣ ከጥርባ የወረደውም፣ አገውኛ እንጂ አማርኛ የማይሰማውም ሽማግሌ ከሩቅ አይቶ ይገባዋል። ጣሳው አይዋሽም፤ ሳይኖራት አለ ብላ ደፍታ አታውቅም። የማዘጋጃ ቤቱ ታፔላ ግን «ንጽሕና ይጠበቅ» ካለ ወዲህ ንጽሕናውን ማን እንደሚጠብቀው እስካሁን እየተጠበቀ ነው።

ጣሳው ሌላም ትርጉም አለው፤ ጣጣው የመጣውም ከዚህ ነው። በአገራችን ልማድ በገበያ ቀን የጠላ ቤት ጣሳ ወርዶ ከዋለ እዚያ ቤት ኀዘን ገብቷል ማለት ነው። ባለቤቲቱ ጠላ ባይኖራት እንኳ ከጎረቤት ተበድራ ትሰቅላለች እንጂ የገበያ ቀን ዘንጓን ባዶ አታውልም። አድማሴ ጣሳውን ያወረደው እሑድ ነው። በማግሥቱ ሰኞ ገበያ ነበር።

አክስቴ ያንኑ ለት ሮጣ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ አቶ ውቤ እሑድም ከቀለማቸው አይለዩም፤ እኔም ተከተልኳት። አቶ ውቤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ምልክት ከሆነ ይጻፍበት፤ ካልተጻፈበት ጣሳ ነው። ጣሳ ከሆነ ደግሞ ዘንግ ላይ ምን ይሠራል?» አሏት።

አክስቴ፣ «ጌታዬ፣ ምን ብዬ ላስጽፍበት?» አለች።

«ወይዘሮ ይታይሽ ጠላ ቤት ብለሽ።»

«ይታይሽ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። እነርሱ የሚፈልጉት ጠላው መድረሱን ነው። ደግሞስ ማን ያነበዋል? ማንበብ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እርስዎ ደግሞ አይጠጡም።»

አቶ ውቤ ይህን ድፍረት ብለው ጻፉት። ጣሳው እንደ ተያዘ ቀረ። በማግሥቱ ከዚያው ከአክስቴ ዘንግ ላይ ሳንቃ ተመታ፦ «ማስታወቂያ መስቀል ክልክል ነው።»

፭. ሰኞ መጣ፤ ዘንጉ ላይ ጣሳ የለም። ገበያተኛው አየ፤ እርስ በርሱ ተያየ፤ አለፈ። የሚቀጥለውም ሰኞ እንዲሁ ሆነ። ጠላው ጋን ውስጥ ቆሞ ሆመጠጠ። በሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ከአዘና ወገኖቻችን በፈረስ ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወይኔ ወይኔ እያሉ ከተማ ገቡ። ፈረሶቻቸውንም የት እንዳሰሩ ሳልነግርዎ ያውቁታል። ይታይሽ ሞተች ተብሎ ነው።

ሟቿ በር ላይ ጋን ታጥባ ነበር።

ለቀስተኛው ቆመ። አንዱ ያጎት ልጅ፣ ደፋሩ፣ «አንቺ፣ እንዴት ነሽ?» አላት። «ደኅና ነኝ፤ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች። «አንቺ» አላት። ከዚህ በኋላ ሁሉም የሚያደርገው ሲጠፋው ስሜነሽ፣ ያቺ ከመኪና የተረፈችው፣ ወደ ፊት መጣች። እርሷ በአገራችን የታወቀች አልቃሽ ናት። ለቀስተኞቹ ሲገቡ አይታ ጎረቤቷ መሞቷን ሳታረጋግጥ እዚያው ግጥም ገጥማ ተነሥታ ነበር፤ ሥራዋ ከንቱ እንዲቀር አልፈለገችም። በሟቿ ፊት ቆማ አወረደችው፦

ጣሳሽ ከዘንግ ወርዶ ዘንጉ ቢቀር ባዶ፣
አገር ጠምቶት ዋለ ልቡ አርሮ ነዶ።

አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ፣ «አገር እንዲህ ከጠማው ምነው ገብቶ አልጠጣም?» አለች። ስሜነሽም፣ «እትዬ፣ በሞትሽበት ቤት እንዴት ይጠጣል?» ብላ ተቆጣች። ክቡር ሆይ፣ ይህ ነው እውነቱ። አሁንም ድረስ ገበያተኛው ወደ ቤቷ አይገባም። ኀዘን ቤት ገብቶ ስለ ቁርጥማቱ ሊያጫውት፣ ዋንጫ ሊያጋጭ ያፍራል። ጨዋ ሕዝብ ነው። የሚገባ ቢኖር ቆቡን አውልቆ፣ ጥግ ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ይወጣል። ለራሷ ለሟቿ።

እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄአለሁ፤ አልዋሽም። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

፮. ከሰዓት በኋላ አያቴ ደጊቱ መጣች። የአክስቴ እናት ናት። ጥርባ፣ ከሐይቁ በላይ፣ ብቻዋን ነው የምትኖር። ወሬው እርሷ ዘንድ የደረሰው ከለቀስተኞቹ ቀድሞ ነበር፤ ግን እግሯ ደካማ ስለ ሆነ ዘገየች። ራሷን ተላጭታለች። ያን ነጭ ጠጉር፣ እኛ ልጆቹ ስንነካው የምትቆጣበትን ጠጉር፣ ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ ነው የመጣች። ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረደችው አላውቅም፤ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነበር።

አልጮኸችም። አክስቴን በእጇ ፊቷን ዳሰሰቻት፤ ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ እንደ ዕውር ዳሰሰቻት። ከዚያ በከዘራዋ ጀርባዋን መታቻት። በአገውኛ የተናገረችውን እንዳለ ልተርጉምልዎ፦ «እንባዬን መንገድ ላይ ጨርሼ መጣሁ። አሁን በምን ልደሰት?»

ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያቴ ከእኛ ጋር ናት፤ የአክስቴን ቀሚስ ጫፍ ሳትይዝ እንቅልፍ አይወስዳትም። እኛማ ብትቀመጥልን ደስታችን ነበር። ነገር ግን ጥርባ ገብሷ ደርሷል። ያን ገብስ እርሷ ካልቆመችበት ዝንጀሮና ወፍ ይጨርሰዋል፤ የዓመት ጉርሷም እርሱ ብቻ ነው። ሂጂ ስንላት እምቢ ትላለች። «ዘንጉ ባዶ እያለ ብሄድ ነገም አላፊ አግዳሚው ሞተች ብሎ ይነግረኛል። አምኜ ልምጣ፣ ወይስ ሳላምን ልቅር? ጣሳው ላይ ሲወጣ አይቼ እሄዳለሁ» ነው ቃሏ። እኔ ልሂድ ብላትም፣ «አንተ ገብሱን ለዝንጀሮ ተረት ስታወራለት ያልቃል» አለችኝ። በዚህ ረገድ ልትሳሳት አትችልም።

፯. ስለዚህ ኅዳር በገባ ማግሥት ብቻዬን ወደ አቶ ውቤ ሄድኩ። ይህን ሁሉ በጨዋ ደንብ አስረዳሁ፤ አያቴ እንደ ተላጨችም ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ወሬ የሚያወራውን ሰው ነው መክሰስ እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አገባው?» አሉኝ። ይህን እያሉ ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው፣ የተረፈውን ቀለም ጠረጴዛቸው ላይ ባለ ዕቃ ጠርዝ ጠረጉ። ዕቃውን አየሁት። የአክስቴ ጣሳ ነው። ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል። የሚጽፉትም አዲስ ታፔላ ነበር፤ «ሐሰተኛ ወሬ ማውራት ክልክል ነው» የሚል።

ክቡር ሆይ፣ ሐሰተኛውን ወሬ ያወራው ማዘጋጃ ቤትዎ ያስወረደው ጣሳ ነው። ሕዝቡ ያነበበው በሚያውቀው ፊደል ነው፤ በትክክልም አንብቧል። ስሕተቱ የጸሐፊው ነው።

ከላይ ስለ ተገለጸው ሁሉ የሚከተለው እንዲደረግልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦

ሀ) የወይዘሮ ይታይሽ ጣሳ ከነቀለሙ እንዲመለስ። እኛ እናጥበዋለን፤ ሰማያዊው ባይለቅም ግድ የለም፣ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር እንዳያምታታው ብቻ እንጸልያለን።

ለ) ከዘንጓ ላይ የተመታው ሳንቃ እንዲነሣ።

ሐ) ከድልድዩ በላይ የሾፌሩን ታፔላ የጋረደው እንኳን ደኅና መጡ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር፣ ወይም ጭራሹን እንዲቀር። ሰው በደኅና የሚመጣው ከፊቱ ያለውን ሲያይ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያመለክተው ታፔላም ይቆይ፤ እርሱን የሚፈልግ ሰው እውነትም ይቸግረዋል። የቀሩት ሳንቃቸው ተነቅሎ ለትምህርት ቤቱ ወንበር ቢሆኑ ይጠቅማሉ። ቋሚዎቹ ግን አይነኩ፤ ዛፍ ሆነዋል፣ ጥፋታቸውን አርመዋል።

ክቡር ሆይ፣ ከተማ ጠፋች ብዬ ያስደነገጥኩዎ በለሰለሰ ቃል የተጻፈ ማመልከቻ አቶ ውቤ ዘንድ ደርሶ የት እንደሚቀር ስለማውቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሁሉ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ጎኑ የተጨራመተ አንድ አሮጌ ጣሳ ነው። መሰላል አይፈልግም፣ መሐንዲስ አይፈልግም፣ በጀትም አያሻውም። አክስቴ በእግሯ ጣት ቆማ በእጇ ትደፋዋለች፤ አያቴ ከደጃፉ ላይ ሆና ቀና ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ ከዘራዋን ይዛ ወደ ገብሷ ትሄዳለች። ሌላ ምንም የለውም።

ከታፔላው ማዶ ሆኜ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር

ደርበው ምህረቴ
(ፊርማ)

እኔም አለሁበት የምትለው የወይዘሮ ደጊቱ የአውራ ጣት ምልክት